የሊኑክስ ማሽን ስምና ዶሜይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ጎንደር ውስጥ ሰርቨር ወይም የኮምፒውተር ክፍል ለሚጠብቁ ልጆች ነው። ከፒያሳ፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞ የሚደወልልኝ ስልክ ሲበዛ ጥያቄው ተመሳሳይ መሆኑን አየሁ፤ አብዛኛውም የሚያጠነጥነው ማሽኑ «ስሜ ማን ነው?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ከተለያየ ቦታ የተለያየ መልስ በማግኘቱ ላይ ነው። ስሙ የተጻፈባቸውን ቦታዎች ለይቶ ያወቀ ሰው ከእኔ ጋር ስልክ ላይ ሰዓት አይፈጅም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ ያሰፈርኳቸው በምንጠራቸው ድምፅ ነው፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ክፍት ቦታና ያዘመመ መስመር ግን እዚህ እንዳያችሁት ይገባሉ። ሰረዝ ካላያችሁ ሰረዝ የለም።

ማሽኑ «ኡቡንቱ» ተብሎም ይሠራል። ለስም ለምን እጨነቃለሁ?

ይሠራል፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ትቼው ነበር። አንድ ማታ ሁለት ሰርቨሮች ላይ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን በሚገባበት መንገድ) ገብቼ እሠራ ነበር። አንደኛው አጠገቤ ወለል ላይ የተቀመጠ፣ ዲስኩ ሊቀየር የሚጠፋ አሮጌ ማሽን ነው። ሁለተኛው በማዶ ክፍል ተማሪዎች ፈተና የሚወስዱበት ነው። በሁለቱም መስኮቶች ላይ የሚታየው ጽሑፍ አንድ ነበር፦ «ሩት@ኡቡንቱ:~#»። «ፓወርኦፍ» ብዬ ኢንተር መታሁ። አጠገቤ ያለው ማሽን ማራገቢያው መዞሩን ቀጠለ። ያንን ድምፅ እየሰማሁ አራት አምስት ሰከንድ ቆየሁ፤ ከዚያ ከማዶ ክፍል የወንበር መንኳኳትና የተማሪዎች ድምፅ መጣ።

አንዱ «ፋሲል»፣ ሌላው «በካፋ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ይይዘው ነበር። ስሙ ተርሚናሉ ላይ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ በሎግ ፋይል እያንዳንዱ መስመር ላይ አለ፣ የሚላክ ኢሜይል ላይ አለ፣ ራውተሩ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ስትዘረዝሩም አለ። የስድስት ሰርቨር ሎግ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስድስቱም «ሎካልሆስት» ካሉ ያ ሎግ ለማንም አይጠቅምም።

ሆስትኔምና ዶሜይን ምንና ምን ናቸው?

ለእኛ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ስማችን ራሱ እንዲህ ነውና። ሆስትኔም የራስ ስም ነው። ዶሜይን የአባትና የአያት ስም ነው። «ፋሲል.ላብ.ኢንተርናል» የሚለውን ብትወስዱ ፋሲል ራሱ ማሽኑ ነው፣ ላብ አባቱ፣ ኢንተርናል አያቱ። ቅደም ተከተሉ እንኳ ከእኛ አጠራር ጋር አንድ ነው፤ ከራስ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የማሽኑ ሙሉ ስም ይባላል።

ሰፈር ውስጥ «ፋሲል» ብሎ መጣራት ይበቃል፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከሰፈር የወጣ እንደሆነ «የማን ልጅ?» ይባላል። ኔትወርክም እንደዚያው ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ አጭሩ ስም ይሠራል፤ ከቢሮው ውጭ ሙሉ ስም ግድ ነው።

ስሙን እንዴት ነው የምቀይረው?

ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ሮኪ፣ በየትኛውም የዛሬ ዘመን ሊኑክስ ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካለበት ትእዛዙ አንድ ነው፦

ሱዶ ሆስትኔምሲቲኤል ሴት-ሆስትኔም ፋሲል

ይኸው ነው፤ ፊት ያለው «ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ነው። ማሽኑን ማጥፋትና ማስነሳት አያስፈልግም። የተከፈተው ተርሚናል ግን አሮጌውን ስም ማሳየቱን ይቀጥላል፤ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። በዴስክቶፕ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከአካውንቱ ወጥቶ መግባት ይሻላል፤ አንዳንዴ ስሙ በመሀል ሲቀየር አዲስ መስኮት አልከፍት ይላል።

ከዚያ «ሆስትኔምሲቲኤል» ብቻ ብላችሁ አስገቡ። ከላይ «ስታቲክ ሆስትኔም» የሚል መስመር ታያላችሁ። በእሱ ፊት ለፊት የጻፋችሁት ስም ካለ የመጀመሪያው ሥራ አልቋል። ሁለተኛው ሥራ ከታች ያለው የ«/ኢቲሲ/ሆስትስ» ጉዳይ ነው፤ ይህ ትእዛዝ ያንን ፋይል አይነካውም። አብዛኛው ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ የሚደወልልኝም በማግስቱ ነው።

ቀይሬው ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የድሮ ስሙ ተመለሰ።

ይህ ጥያቄ እዚህ ከተማ በብዛት የሚመጣው ምክንያት ስላለው ነው። መብራት ባይሄድ ኖሮ ሰርቨሩ ስድስት ወር ሳይጠፋ ይቆይና ስህተቱም ስድስት ወር ተደብቆ ይኖር ነበር።

ሊኑክስ ስሙን በሁለት ቦታ ይይዛል። አንደኛው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሚሞሪ ላይ የሚይዘው ነው፤ አሁን በዚህ ሰዓት የሚሠራበት። ሁለተኛው ዲስክ ላይ «/ኢቲሲ/ሆስትኔም» በሚባል ፋይል የተጻፈው ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ አንብቦ የሚወስደው። «ሱዶ ሆስትኔም ፋሲል» ብላችሁ ከሆነ የቀየራችሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሚሞሪ ደግሞ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። «ሆስትኔምሲቲኤል» ሁለቱንም ስለሚቀይር ነው እሱን የምመክረው።

በእሱ ቀይራችሁም ስሙ ከተመለሰ ሁለተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ማሽኑ ሲነሳ ቅንብሩን በራሱ የሚያዘጋጀው፣ ክላውድ-ኢኒት የሚባለው። ኪራይ ሰርቨር ላይ ብቻ ያለ ይመስላችኋል፤ ኡቡንቱ ሰርቨርን በፍላሽ ስትጭኑም አብሮ ይገባል። «/ኢቲሲ/ክላውድ/ክላውድ.ሲኤፍጂ» የሚለውን ፋይል ክፈቱና «ፕሪዘርቭ_ሆስትኔም» ከሚለው ፊት ያለውን «ፎልስ» ወደ «ትሩ» ለውጡት። እዚያው ፋይል ላይ «ማኔጅ_ኢቲሲ_ሆስትስ» የሚል መስመር ካለና «ትሩ» ከሆነ፣ በእጃችሁ ያረማችሁትን የሆስትስ ፋይል በየአነሳሱ መልሶ ይጽፈዋል። እሱንም «ፎልስ» አድርጉት።

ሦስተኛው ራውተሩ ነው። «/ኢቲሲ/ሆስትኔም» ባዶ ከሆነ ወይም «ሎካልሆስት» የሚል ብቻ ከሆነ ማሽኑ በዲኤችሲፒ (ራውተሩ ለማሽኖች አይፒ በሚያድልበት መንገድ) የሚሰጠውን ስም ለጊዜው ይቀበላል። የራሱ ስም በአግባቡ ከተጻፈለት ግን ያንን ትቶ የራሱን ይይዛል።

«ሱዶ» ባልኩ ቁጥር «አንኤብል ቱ ሪዞልቭ ሆስት» ይለኛል፤ ደግሞም ይዘገያል።

ስሙን ቀይራችሁ «/ኢቲሲ/ሆስትስ» ላይ አሮጌውን ትታችሁት ነው። ማሽኑ አዲሱን ስሙን ይዞ «ፋሲል የሚባለው አድራሻው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፋይሉ ላይ የለም፤ ወደ ዲኤንኤስ (የስም አድራሻ ወደሚጠየቅበት የኔትወርክ መዝገብ) ይሄዳል፤ እዚያም የለም። የምትጠብቁት ያን ምላሽ ነው። ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ሰዓት ደግሞ መጠበቁ ይረዝማል። አንዳንድ ሊኑክስ ላይ ሲስተምዲ የራሱን ማሽን ስም ራሱ ስለሚመልስ ማስጠንቀቂያው ላይታይ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ሙሉ ስሙ አይገኝም፤ ስለዚህ አርሙት።

ፋይሉን በናኖ ክፈቱ፦ «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ሆስትስ»። የመጀመሪያው መስመር «127.0.0.1 ሎካልሆስት» ይላል። እሱን አትንኩት፣ አታጥፉት፣ ስሙንም አትቀይሩት፤ ብዙ ፕሮግራም የቆመው በእሱ ላይ ነው። ከሱ በታች ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ በ127.0.1.1 የሚጀምር መስመር አለ። መምሰል ያለበት እንዲህ ነው፦

127.0.1.1 ፋሲል.ላብ.ኢንተርናል ፋሲል

መጀመሪያ አድራሻ፣ ቀጥሎ ሙሉ ስም፣ መጨረሻ ላይ አጭር ስም። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። ሲስተሙ ከአድራሻው ቀጥሎ ያገኘውን የመጀመሪያ ስም ዋና ስም አድርጎ ይወስደዋል። አጭሩን ካስቀደማችሁ «ሆስትኔም -ኤፍ» ስትሉ የሚመልሰው «ፋሲል» ብቻ ይሆናል፤ ዶሜይኑ እያለ የጠፋ ይመስላል። ይህን አንድ ነገር ባለማወቅ ሰርቨር እንደ አዲስ የጫነ ልጅ አውቃለሁ፤ ሁለት ቃል ቦታ ማቀያየር ይበቃው ነበር።

ማሽኑ የማይቀየር አይፒ ካለው በ127.0.1.1 ምትክ ያንኑ አይፒ ጻፉ። ለሰርቨር የሚሻለው ይኸኛው ነው። 127.0.1.1 የተበጀው ቋሚ አድራሻ ለሌለው ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ነው።

ይህ ፋይል ለምን እንዳለ ብታውቁ ደስ ይለኛል። ኢንተርኔት ገና አርፓኔት በሚባልበት ዘመን ዲኤንኤስ የሚባል ነገር አልነበረም። የሁሉም ማሽን ስምና አድራሻ የተጻፈበት አንድ ፋይል ነበር፤ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኤልዛቤት ፋይንለር የምትመራው ቡድን ይይዘው ነበር። አዲስ ማሽን ያስገባ ሰው ለእነሱ ያስመዘግባል፤ ሌላው ደግሞ ፋይሉን በየጊዜው ይገለብጣል። ማሽኑ ሲበዛ ይህ አልቻለም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን አወጣ። ዛሬ እያንዳንዱ ሊኑክስ ላይ ያለው የሆስትስ ፋይል የዚያ መዝገብ ልጅ ነው። ዛሬም ቢሆን ከዲኤንኤስ በፊት የሚታየው እሱ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው «/ኢቲሲ/ኤንኤስስዊች.ኮንፍ» ላይ ያለው «ሆስትስ፦ ፋይልስ ዲኤንኤስ» የሚለው መስመር ነው።

«/ኢቲሲ/ሆስትኔም» ላይ ሙሉ ስሙን ልጻፍ ወይስ አጭሩን?

አጭሩን። ሙሉው ስም ቦታው «/ኢቲሲ/ሆስትስ» እና ዲኤንኤሱ ነው። ዶሜይን በተቀየረ ጊዜ የምታርሙት አንድ ቦታ ያንሳል። የተለየው የተጠቃሚዎችና የማሽኖች መዝገብ የሚይዘው ፍሪአይፒኤ ነው፤ እሱ ሆስትኔሙ ራሱ ሙሉ ስም ካልሆነ አልጫንም ይላል። ፕሮግራሙ ከጠየቀ ስጡት፤ ካልጠየቀ ግን አጭሩ ይበቃል።

«ዶሜይንኔም» ብዬ ሳስገባ «ነን» ብሎ ይመልስልኛል። ዶሜይኔ አልተቀበለም ማለት ነው?

አይደለም። ያ ትእዛዝ የሚያሳየው ሌላ ዶሜይን ነው፤ ሰን የሠራው ኤንአይኤስ የሚባል የድሮ የተጠቃሚ መዝገብ ያለበት ኔትወርክ ላይ የሚያገለግለውን። እናንተ የምትፈልጉት «ዲኤንኤስዶሜይንኔም» ነው፣ ወይም «ሆስትኔም -ዲ»። በእነዚህ ትእዛዞች ግን ዶሜይን አይቀየርም፤ የሚያነቡት ከላይ ካልኩት የሆስትስ መስመር ወይም ከዲኤንኤስ ነው።

«ፒንግ በካፋ» ስል እንዲያገኘው እፈልጋለሁ፤ ሁልጊዜ ሙሉውን መጻፍ ሰለቸኝ።

ሰርች ዶሜይን ያስፈልጋችኋል። አጭር ስም ስትጽፉ ሲስተሙ ከኋላው ዶሜይኑን ቀጥሎ ይሞክራል፤ «በካፋ» ስትሉ «በካፋ.ላብ.ኢንተርናል» ብሎ ይጠይቃል። ዲኤንኤሱ ላይ ያ ስም መመዝገብ አለበት እርግጥ።

ድሮ ይህ የሚጻፈው «/ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ» ላይ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው የፋይሉን ስም ሲጽፍ ከነጥቡ በፊት ኢ ይጨምርበታል፤ የለውም፤ በቪ ነው የሚያልቀው። ዛሬ ኡቡንቱ ላይ ይህን ፋይል ብትከፍቱ 127.0.0.53 የሚል አድራሻ ታያላችሁ፤ እሱ ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ የሚባለው የማሽኑ የራሱ አገልግሎት ነው። በእጃችሁ የጻፋችሁበት ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ ፋይሉ የሌላ ፋይል ጥላ ስለሆነ በየአነሳሱ እንደ አዲስ ይሠራል።

ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ቦታው «/ኢቲሲ/ኔትፕላን» ውስጥ ያለው የያምል (የቅንብር አጻጻፍ ዓይነት) ፋይል ነው። «ኔምሰርቨርስ» በሚለው ስር «ሰርች» እና «አድሬስስ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይገባሉ፤ በሰርች ፊት ዶሜይኑ፣ በአድሬስስ ፊት የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አይፒ። ሁለቱም በካሬ ቅንፍ ይታጠራሉ። ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍተት በስፔስ እንጂ በታብ አይሆንም። ሌላም አለ፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደሆነ ሁለት ነጥብ ስትነኩ የሚገባው የግዕዙ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ያምል ግን አያውቀውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያንን አንድ ምልክት የፈለግንበት ቀን ነበር። ከቻት ግሩፕ ኮፒ ያደረጋችሁት ትእዛዝም ሁለት ሰረዞቹ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ተለውጠው ሊሆን ስለሚችል በእጃችሁ ጻፉት።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ሱዶ ኔትፕላን ትራይ» በሉ። አዲሱን ቅንብር ይሞክራል፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ኢንተር ካልመታችሁ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ሰርቨሩ አዘዞ፣ እናንተ ፒያሳ ሆናችሁ በኤስኤስኤች የምትሠሩ ከሆነ ይቺ ትእዛዝ የባጃጅ መንገድ ታድናችኋለች።

ፌዶራና ሮኪ ላይ በኤንኤምሲኤልአይ ትእዛዝ ነው፤ የግንኙነቱ «አይፒቪ4.ዲኤንኤስ-ሰርች» በሚለው ላይ ዶሜይኑን ታስገባላችሁ። የማሽኖቹ ቁጥር ከአሥር ካለፈ ግን አንድ በአንድ መዞሩን ተዉት። ራውተሩ ወይም የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ላይ የዶሜይን ስም የሚገባበት ሳጥን አለ፤ እዚያ አንድ ጊዜ ጻፉት፤ ለሁሉም እሱ ያድላል።

የውስጥ ኔትወርካችን ዶሜይን ምን ይሁን? ሁሉም «ነጥብ ሎካል» ነው የሚለው።

«ሎካል» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አርኤፍሲ 6762 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍበት ሰነድ ነው) ያንን ስም መልቲካስት ዲኤንኤስ ለሚባለው ሰጥቶታል። ፕሪንተሮችና ዴስክቶፖች ያለ ሰርቨር እርስ በእርስ የሚፈላለጉበት መንገድ ነው። ብዙ ሊኑክስ ላይ በ«ሎካል» የሚያልቅ ስም ሲመጣ ጥያቄው ወደ እናንተ ዲኤንኤስ ሰርቨር ጨርሶ አይሄድም። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ ዊንዶውሱ ያገኘዋል፣ ሊኑክሱ አያገኘውም።

ከመንገድ የተነሳ ስም ፈጥሮ መለጠፍም ጥሩ አይደለም፤ ነገ ያ ስም በዓለም ላይ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን «ኢንተርናል» የሚለውን ለግል ኔትወርክ ብቻ እንዲሆን ለይቶ አስቀምጦታል፤ መቼም ለሽያጭ አይቀርብም። በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እሱን የተጠቀምኩት ለዚህ ነው።

ድርጅታችሁ በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያልቅ የራሱ ዶሜይን ካለው ከሁሉም የሚሻለው በእሱ ስር አንድ ቅርንጫፍ ከፍቶ ለውስጥ ማሽኖች መስጠት ነው። የኢቲ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለንግድ «ኮም.ኢቲ»፣ ለመንግሥት «ጎቭ.ኢቲ»፣ ለትምህርት ተቋም «ኢዲዩ.ኢቲ» እያለ ይከፋፈላል። ያልተመዘገበላችሁን ዶሜይን ማሽናችሁ ላይ ብትጽፉ ግን ከቢሮው ውጭ ማንም አያውቀውም።

ምን ዓይነት ስም ልስጠው? በአማርኛስ ይሆናል?

በዚህ ላይ ብዙ ማውራት እወዳለሁ። ጎንደር ላይ የመጀመሪያው ሰርቨር «ፋሲል» መባሉ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ። በፋሲል ግቢ ግንቦቹ እያንዳንዳቸው በአሠሪያቸው ስም እንደሚጠሩት ማለት ነው። ለአምስት ለስድስት ሰርቨር እንዲህ ያለ ስም ግሩም ነው፤ ይያዛል፣ አይምታታም፣ በስልክ ሲነገርም ይሰማል።

ችግሩ የሚመጣው ወደ ላቲን ሲገባ ነው። ከተማችን ራሷ ሁለት ዓይነት ትጻፋለች፤ ከዲ ቀጥሎ አንዱ ኤ ያደርጋል፣ ሌላው ኢ። ፋሲልን አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ቀሃን በኪው የሚጽፍ አለ፣ በኬ የሚጽፍ አለ። ምንትዋብንማ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት ዓይነት ነው። ሰው ሲያነበው ይገባዋል፤ ማሽን ግን አንዲት ፊደል ከተለየች ሌላ ስም ነው። ስለዚህ ስም ከማውጣታችሁ በፊት የላቲን አጻጻፉን በወረቀት ወስኑና ሰርቨሩ ግንባር ላይ ለጥፉት። የሚያሻማ ከሆነ ሌላ ስም ምረጡ፤ ከምንትዋብ ይልቅ ዳዊት ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ለኮምፒውተር ክፍል የነገሥታት ስም አይበቃም፤ ቁጥር ያስፈልጋል። «ላብ2-07» የሚለውን ያየ ልጅ ሁለተኛ ክፍል፣ ሰባተኛ ወንበር ብሎ ቀጥታ ይሄዳል። ዜሮዋን አትርሱ፤ እሷ ከሌለች ሲዘረዘር 10 ከ2 በፊት ይመጣል።

የሰው ስም አትስጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና ለኮምፒውተር ስም ስለመምረጥ የሚመክረው አርኤፍሲ 1178 የራሳችሁን ስም አትስጡ ካለ ስንት ዘመኑ፤ ቢሮዎቻችን ግን ዛሬም በሒሳብ ሹሟ ስም በሚጠሩ ማሽኖች የተሞሉ ናቸው። እሷ ትዛወራለች፣ ማሽኑ ይቀራል፤ ተተኪዋ ደግሞ በሰው ስም ትጠራለች።

የሚፈቀዱት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሰረዝ ናቸው። ሰረዝ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አይገባም። ከታች የሚሰመረው መስመር አይፈቀድም፤ አንዱ ፕሮግራም ዝም ብሎት ሌላው አልቀበልም ስለሚል ነገሩ ዘግይቶ ነው የሚፈነዳው። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው አንድ ስም ከ63 ፊደል፣ ሙሉው ደግሞ ከ253 አያልፍም። ማሽኑ በሳምባ ለዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራ ከሆነ ግን ከ15 እንዳያልፍ አድርጉት።

በግዕዝ ፊደል ሆስትኔም አይሆንም። ነገር ግን ሊኑክስ ለሰው ዓይን የሚሆን ሦስተኛ ስም አለው፤ ፕሪቲ ይባላል፣ እሱ አማርኛ ይቀበላል፦

ሱዶ ሆስትኔምሲቲኤል ሴት-ሆስትኔም --ፕሪቲ "የሁለተኛ ፎቅ ቤተ መጻሕፍት"

«/ኢቲሲ/ማሽን-ኢንፎ» ላይ ይቀመጣል። ኔትወርኩ ላይ ለመፈላለግ አያገለግልም፤ ግን «ሆስትኔምሲቲኤል» ስትሉ በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ለሚተካችሁ ሰው መልእክት ነውና ጻፉት።

ከአንድ ዲስክ ያባዛናቸው ሃያ ማሽኖች አሉን፤ ስማቸውን ብንለይም አይፒ ይጋጫል።

ስም ብቻ ስላልሆነ የተባዛው ነው። «/ኢቲሲ/ማሽን-አይዲ» የሚባል ፋይል አለ፤ ማሽኑ ሲጫን የሚሰጠው የማይደገም መለያ ነው፤ እናንተ ሃያ ጊዜ ደገማችሁት። ኡቡንቱ ሰርቨር አይፒ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው ከኔትወርክ ካርዱ ቁጥር ይልቅ ከዚህ መለያ በወጣ ቁጥር ነው። ራውተሩም «አንተን አውቅሃለሁ» ብሎ ለሁለቱም አንድ አይፒ ይሰጣል።

ዲስኩን ከማባዛታችሁ በፊት «ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0 /ኢቲሲ/ማሽን-አይዲ» ብላችሁ ፋይሉን ባዶ አድርጉት፤ አታጥፉት። እያንዳንዱ ቅጂ ሲነሳ የራሱን ይሠራል። ከተባዙ በኋላም ቢሆን በየማሽኑ ይህንኑ አድርጎ ማስነሳት ይቻላል። የኤስኤስኤች ቁልፎቹም አብረው ተባዝተዋል፤ «/ኢቲሲ/ኤስኤስኤች» ውስጥ በ«ኤስኤስኤች_ሆስት» የሚጀምሩትን አጥፍታችሁ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኦፕንኤስኤስኤች-ሰርቨር» ስትሉ አዳዲስ ይወጣሉ። ይህን ሳያደርጉ መተው ሃያ ቤት በአንድ ቁልፍ ቆልፎ መሄድ ነው፤ አንዱ ማሽን ከተሰረቀ ሌሎቹን መስሎ መቅረብ ይቻላል።

ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ስም ብቀይር ምን ይበላሻል?

እንደተጫነበት ነው። በፕሮግራሞች መካከል መልእክት የሚያስተላልፈው ራቢትኤምኪው ዳታውን የሚያስቀምጠው በሆስትኔሙ በተሰየመ ፎልደር ስለሆነ ስሙ ሲቀየር ባዶ ሆኖ ይነሳል፤ ዳታው አልጠፋም፣ በአሮጌው ስም ተቀምጧል። ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ወደ ሌላ ሰርቨር በሚገለበጥበት ሪፕሊኬሽን ላይ የሪሌይ ሎግ ፋይሎች ስም ከሆስትኔም የተወሰደ ከሆነ ይቆማል። የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት በአሮጌው ስም ከወጣ ብራውዘሩ ያስጠነቅቃል። ፕሪንተሩን በስም የሚጠሩ ዴስክቶፖች ያጡታል።

ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት «ሱዶ ግሬፕ -አር ኡቡንቱ /ኢቲሲ» በሉ፤ በኡቡንቱ ቦታ አሮጌውን ስም አስገቡ። የት የት እንደተጻፈ ይዘረዝርላችኋል። ሁሉም መስመር የሚለወጥ አይደለም፤ አንብባችሁ ለዩ። ከዚያ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ቀይሩት።

ስሙን አስተካክያለሁ፤ የምንልከው ኢሜይል ግን ስፓም ውስጥ ይገባል።

ኢሜይል የሚልከው ፖስትፊክስ ራሱን የሚያስተዋውቀው «ማይሆስትኔም» በሚለው ነው፤ ካልሞላችሁት ከማሽኑ ስም ይወስዳል። ተቀባዩ ሰርቨር ደግሞ አይፒያችሁን ይዞ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ወደ ኋላ ይጠይቃል። መልሱ ከነገራችሁት ስም ጋር ካልገጠመ ይጠራጠራል። ያንን የኋላ መዝገብ እናንተ ማሽን ላይ መጻፍ አትችሉም፤ አይፒውን የሰጣችሁ ድርጅት ነው የሚጽፈው። በደብዳቤ አይፒውንና ሙሉ ስሙን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ሁሉም ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሦስት ትእዛዝ። «ሆስትኔም» አጭሩን ይመልስ። «ሆስትኔም -ኤፍ» ሙሉውን ይመልስ። «ጌትኤንት ሆስትስ ፋሲል» አድራሻውንና ስሙን አንድ መስመር ላይ ያምጣ። ለሦስተኛው ዲግን አትጠቀሙ፤ ዲግ በቀጥታ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን ስለሚጠይቅ ፕሮግራሞቻችሁ የሚሄዱበትን መንገድ አያሳይም፤ ጌትኤንት ግን በዚያው መንገድ ይሄዳል። ከዚያ ከሌላ ማሽን ላይ ሆናችሁ በስሙ «ፒንግ» አድርጉ።

መጨረሻ ላይ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱትና ሦስቱን እንደገና ጠይቁ። እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አሁን ብታደርጉት ይሻላል፤ አለበለዚያ መብራቱ በራሱ ሰዓት ያደርገዋል።